ዶሃ፤ የጣለችውን መልሳ ያነሣች ከተማ

አንድ ማታ በመማሪያ ጣቢያችን ትምህርቱ አልቆ ፋኖሱ ሊጠፋ ሲል አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። እንዲህም ሲሉ ጠየቁን፦

«ልጆቼ፣ ልጄ ከከተማ መጥቶ ቤታችንን ቆርቆሮ አለበሰልን። እግዜር ይስጠው፣ ከዝናብ አረፍን። አሁን ደግሞ ያባቴን ጎተራ አፍርሰን፣ የናቴን የወፍጮ ድንጋይ ገደል እንስደደው ይለኛል። አሮጌ ዕቃ የድህነት ምልክት ነው ይላል። እናንተ የተማራችሁት ምን ትላላችሁ?»

እኛ አፋችንን ሳንከፍት ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀደሙን። «እኔ በዚያ ድንጋይ ወገቤ የጎበጠ ሰው ነኝ። ቅርስ ነው ብላችሁ መልሳችሁ እንዳታስፈጩኝ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሣቀ።

ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩን አሰብንበት። የሁለቱም ቃል እውነት አለው። አባት «አሮጌው ነገር ይጣል ወይ?» ብለው ጠየቁ። እናት ደግሞ «አሮጌው መከራ ተመልሶ ይምጣ ወይ?» ብለው ጠየቁ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይለያያሉ። ለይተን እንድንመልሳቸው የአንዲት ሩቅ ከተማ ታሪክ ይረዳናል። እንግዲህ እግራችን ከዚህ ሳይነሣ፣ በፊደል መንገድ ወደዚያች ከተማ እንሂድ። ስሟ ዶሃ ይባላል።

ዶሃ የት ናት?

ከኢትዮጵያ ተነሥተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስንሄድ ቀይ ባሕርን እናገኛለን። ቀይ ባሕርን ስንሻገር ሰፊው የዐረብ በረሃ ይመጣል። በረሃውን አቋርጠን ወዲያ ማዶ ስንደርስ እንደገና ባሕር አለ። ይህ ባሕር እንደ ክንድ ተዘርግቶ ወደ የብስ የገባ ነው። እንዲህ ያለው ባሕር ባሕረ ሰላጤ ይባላል።

በዚህ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካሉት አገሮች አንዷ ኳታር ናት። ኳታር በሦስት ወገን በባሕር ተከባለች። በደቡብ በኩል ብቻ ከሳውዲ ዐረቢያ ጋር ትዋሰናለች። ስፋቷ 11,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዝ የሚባል የላትም። ዝናብ የሚጥለው በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ነው። የሚጠጣው ውሃ በአብዛኛው ከባሕር ተቀድቶ፣ ጨዉ በመሣሪያ እየተለየ የሚገኝ ነው።

የሕዝቧ ቁጥር ወደ 3 ሚሊዮን ይደርሳል። ነገር ግን ከአሥር ሰው ውስጥ የአገሩ ተወላጅ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። የቀረው እንጀራ ፍለጋ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ከኢትዮጵያ የሄዱ እኅቶችና ወንድሞችም በመካከሉ አሉ።

ዶሃ የዚህች አገር ዋና ከተማ ናት። ከባሕሩ ዳር ቆመን ወደ ማዶ ብናይ ሰማይ የሚነኩ የሚመስሉ የመስተዋት ፎቆች ተደርድረዋል። ከእግራችን ሥር ብናይ ደግሞ የእንጨት ጀልባዎች ታስረው ይወዛወዛሉ። አዲሱና አሮጌው ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ማስታወሻ እንያዝ። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 7 ወይም 8 ዓመት መቀነስ ነው።

ሉል ጠላቂው

ነዳጅ ሳይገኝ በፊት የዚያ አገር ሰው በምን ይኖር ነበር? እንዳያርስ ዝናብ የለም። ስለዚህ ከፊሉ ግመልና ፍየል እየነዳ በበረሃ ይዞር ነበር። የባሕር ዳሩ ሰው ግን ዓሣ ያጠምድ፣ ሉል ይለቅም ነበር። ሉል ማለት የዛጎል ቅርፊት ካለው የባሕር እንስሳ ውስጥ የሚገኝ፣ ነጭና የሚያበራ ፍሬ ነው። የሩቅ አገር ነገሥታትና ሀብታሞች ለጌጥ በውድ ይገዙታል።

ሉል መልቀም እንደ እሸት መቅጠፍ ቀላል እንዳይመስለን። ዋናው ወራት ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ነበር። እኛ በክረምት ስናርስና ስናርም፣ እነሱ በሸራ ጀልባ ባሕር ላይ ይከርሙ ነበር ማለት ነው።

ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል። በእግሩ ከባድ ድንጋይ ያስራል። ቅርጫት ያንጠለጥላል። ድንጋዩ ወደ ባሕሩ ወለል ይዞት ይወርዳል። እዚያ ትንፋሹን ይዞ ዛጎሉን ይለቅማል። የሚቆየው አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ትንፋሹ ሲያልቅበት ገመዱን ይነቀንቃል። ከላይ ያለው ገመድ ያዥ ፈጥኖ ይስበዋል። የጠላቂው ሕይወት በገመድ ያዡ እጅ ናት። ይህን ከጠዋት እስከ ማታ ሲደጋግመው ይውላል። ሆዱ ከሞላ መጥለቅ ስለማይችል፣ ጠዋት የሚቀምሰው ጥቂት ተምርና ቡና ብቻ ነበር።

በጀልባው ላይ አንድ ዘፋኝም ነበር። ሥራው ሰዎቹን በዜማ ማበርታት ነው። እኛ በደቦ ስናጭድ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበል የለም እንዴ? ያም እንዲሁ ነበር።

ታዲያ ትርፉ ለማን ነበር? ጠላቂው ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ ከጀልባው አለቃ ይበደራል። አለቃው ደግሞ ከነጋዴ ይበደራል። ወራቱ ሲያልቅ ሂሳብ ይደረጋል። ሉሉ ጥቂት ከሆነ ዕዳው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ዕዳ ያለበት ሰው አለቃውን ትቶ መሄድ አይችልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አባት ሲሞት ዕዳው ወደ ልጁ የሚዞርበት ጊዜም ነበር። አራጣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አራሽ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ነዳጅ ሲመጣ

ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሉል ሥራ ላይ ሁለት ዱላ ወረደ። አንደኛው፣ ጃፓኖች ሉልን እንደ ከብት እያረቡ በርካሽ መሸጥ ጀመሩ። ሁለተኛው፣ በ1929 በዓለም ላይ ትልቅ የገበያ ውድቀት ደረሰ፤ ጌጥ የሚገዛ ሰው ጠፋ። በኳታር ረኀብ ገባ። ብዙ ቤተሰብ አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

በ1940 አካባቢ ዱኻን በተባለ ስፍራ ነዳጅ ዘይት ተገኘ። ነገር ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋረጠው። የመጀመሪያው ነዳጅ በመርከብ ተጭኖ የወጣው በ1949 ነው። ኳታር ከእንግሊዝ ጥበቃ ወጥታ ነፃ አገር የሆነችው በ1971 ነው። በዚያው ዓመት ከባሕሩ ሥር እጅግ ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። ጋዙ ከ1990ዎቹ ወዲህ በመርከብ እየተጫነ ወደ ሩቅ አገር ሲሸጥ፣ ድሃዋ አገር ከዓለም ሀብታሞች ተርታ ተሰለፈች።

ገንዘብ ሲመጣ ሰዉ ምን አደረገ? የዚያ አባት ልጅ እንዳለው አደረገ። የጭቃና የባሕር ድንጋይ ቤቱን አፈረሰ። በሲሚንቶ ሠራ። ከከተማው እምብርት ወጥቶ ዳር ሰፈረ። ለምን? አሮጌው ቤት የረኀቡን ዘመን ስለሚያስታውሰው ነው። በዚህም አንፈርድበትም። የተራበ ሰው ረኀቡን መርሳት ይፈልጋል።

ተቃጥሎ የተሠራው ገበያ

በዶሃ መካከል ሱቅ ዋቂፍ የሚባል ጥንታዊ ገበያ አለ። እኛም በየቀኑ «ሱቅ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። «ዋቂፍ» ማለት ደግሞ የቆመ ማለት ነው። በረሃ ለበረሃ የሚዞረው ሰው ሱፉን፣ ቅቤውንና በጉን እያመጣ ከባሕር ዳሩ ሰው ጋር የሚገበያየው እዚያ ነበር።

ገበያው ከጊዜ ብዛት ተጎሳቆለ። ግማሹ ፈረሰ። ግማሹ በቆርቆሮና በሲሚንቶ ተጠጋገነ። በ2003 ደግሞ እሳት ተነሣና ብዙውን ክፍል በላው። ያን ጊዜ ሰዉ ሁለት መንገድ ነበረው። ወይ ጠርጎ ሌላ ፎቅ መሥራት፣ ወይ ገበያውን መልሶ ማቆም።

ማቆሙን መረጡ። ሥራው በ2004 ተጀመረ። በኋላ ዘመን የተጨመሩትን ሕንፃዎች አነሡ። የቆርቆሮውን ክዳን ገፈፉ። በምትኩ እንጨትና ቀርከሃ ረብርበው፣ በላዩ ጭቃን ከገለባ ጋር አቡክተው መረጉበት። የቀድሞውን አሠራር ለማወቅ የድሮ ፎቶግራፍ አገላበጡ። የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን ጠየቁ። እስቲ ልብ በሉ፤ ጭቃ ምርጊት እኛ በየዓመቱ የምንሠራው ሥራ ነው። እነሱ ግን ረስተውት ስለነበር ጠይቀውና ከፍለው ተማሩት።

ዛሬ ሱቅ ዋቂፍ ለማየት ብቻ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። ገበያ ነው። ቅመም ይሸጥበታል፣ ልብስ ይሰፋበታል። የገዢን ዕቃ በእጅ ጋሪ የሚገፉ ተሸካሚዎች አሉበት። ለአደን የሚያገለግሉ ጭልፊቶች የሚሸጡበት ሠፈርም አለ። ለጭልፊቶቹ ሐኪም ቤት እንኳ ተሠርቶላቸዋል።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። ቅርስ የሚጠበቀው በመቆለፍ ብቻ አይደለም። በመገልገልም ይጠበቃል።

ቤተ መዘክሩና የኳስ ሜዳው

ቤተ መዘክር ወይም ሙዚየም ማለት ያለፈው ዘመን ዕቃና ታሪክ ተሰብስቦ ሕዝብ የሚያየው ቤት ነው። ዶሃ ውስጥ በ2008 ትልቅ የእስልምና ጥበብ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ቤቱን የነደፈው አዮ ሚንግ ፔ የተባለ፣ ቻይና ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ሰው ነው። ይህ ሰው ከመንደፉ በፊት የጥንት መስጊዶችን እየዞረ ተመለከተ። በመጨረሻ ግብፅ፣ ካይሮ ከሚገኘው ከኢብን ቱሉን መስጊድ አሠራር ሐሳብ ወሰደ።

በ2019 ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መዘክሩ ተከፈተ። ቅርጹ የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለውን፣ ከአሸዋ ሥር እንደ አበባ ቅጠል እየተደራረበ የሚገኘውን ድንጋይ ይመስላል። ከመካከሉ የድሮው ገዢ ቤት ሳይፈርስ ቆሟል። አዲሱ ሕንፃ አሮጌውን አቅፎ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ ዕቃ ብቻ አይደለም ያለው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የጥንቱን ኑሮ ሲናገሩ ምስላቸውና ድምፃቸው ተቀርጾ ይታያል፣ ይሰማል።

በ2022 የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ በኳታር ተደረገ። የመክፈቻው ጨዋታ የተደረገበት ሜዳ የዘላን ድንኳን መልክ አለው። ሌላው ሜዳ ደግሞ የአገሩ ወንዶች በራሳቸው ላይ የሚደፉትን ቆብ ይመስላል። የዓለም ሕዝብ ኳስ ሲያይ የእረኛውን ድንኳንና የተራውን ሰው ቆብ አየ ማለት ነው።

ቡናውና መጅሊሱ

አሁን ደግሞ አረፍ እንበል። ወደ አንድ ቤት እንግባ። በዚያ አገር እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ጎረቤት የሚወያይበት፣ ጠብ የሚታረቅበት ክፍል መጅሊስ ይባላል። ለእንግዳ በመጀመሪያ የሚቀርበው ቡናና ተምር ነው። ቡናው ብዙ አይቆላም፤ መልኩ ቢጫ ነው። ሄል የሚባል፣ የኮረሪማ ዘመድ የሆነ ቅመም ይገባበታል። የሚቀዳበት ጆሮ የሌለው ትንሽ ሲኒ ፍንጃን ይባላል። እኛም ፍንጃል እንላለን። ፍንጃሉ እስከ አፉ አይሞላም፤ ጥቂት ጥቂት ይቀዳል። እንግዳው ሲበቃው ፍንጃሉን ነቅነቅ ያደርጋል። ካላደረገ ይጨመርለታል።

ይህ ቡና ሥሩ ከእኛ ነው። ቡና ከኢትዮጵያ ወጥቶ በየመን በኩል ወደ ዐረብ አገር ገባ። እኛም በበኩላችን ቃል ተቀብለናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምንላቸው ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ፊተኛ፣ ሁለተኛና በረከት ማለት ነው። መቼስ ጎረቤት እንዲህ ነው፤ ይሰጣል፣ ይቀበላል።

ዩኔስኮ የተባለው የዓለም መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዐረብ ቡናንና መጅሊስን በ2015 በዓለም የባህል ቅርስ መዝገብ ጻፋቸው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መዝገብ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ተጻፈ። ቅርስ ማለት እንግዲህ ሐውልትና ግንብ ብቻ አይደለም። እንግዳ አቀባበልም፣ የዘመን መለወጫም፣ ሽምግልናም ቅርስ ነው።

የሚያሳፍረውም ታሪክ ይጻፋል

ከሱቅ ዋቂፍ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ አሮጌ ቤት አለ። ቢን ጀልሙድ ይባላል። ቀድሞ የባሪያ ነጋዴ ቤት ነበር። በዘመኑ ሰዎች ከአፍሪቃ፣ ከእኛም አገር ጭምር፣ እየተሰረቁና እየተማረኩ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ይሸጡ ነበር። ከተሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ ለሉል ጠላቂነት ይዳረጉ ነበር። እነሱ እየጠለቁ ያወጡት ሉል ለጌታቸው ነበር። በኢትዮጵያ ባርነትን ፈጽሞ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። በኳታር ባርነት የቀረው በ1952 ነው። ሩቅ ዘመን አይደለም። ያንን ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል።

የኳታር ሰዎች ያንን ቤት አፍርሰው ነገሩን ማዳፈን ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። በ2015 የባርነትን ታሪክ የሚያስተምር ቤተ መዘክር አድርገው ከፈቱት። ይህ ሥራ ድፍረት ይጠይቃል። በባህሉ የሚኮራ ሰው የሠራውን ግፍም መናገር አለበት። ግፉን ደብቆ ጌጡን ብቻ የሚያሳይ ሰው ግማሽ ታሪክ ነው የያዘው።

ነገር ግን የድሮውን ግፍ ማስታወስ የዛሬውን ካልከለከለ ምን ይረባል? እነዚያን ፎቆችና የኳስ ሜዳዎች የሠሩት ከኔፓል፣ ከሕንድ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከአፍሪቃም የሄዱ ላብ አደሮች ናቸው። ደመወዝ የተከለከሉ፣ ፓስፖርታቸውን የተነጠቁ ብዙዎች ነበሩ። በየቤቱ የሚሠሩት ሴቶች ችግርም ብዙ ነው። በ2017 ለቤት ሠራተኞች ሕግ ወጣ። ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይኑር አለ። በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ተፈቀደ። ይህ ጥሩ ነው። ሆኖም ሕግ በወረቀት መውጣቱና በየቤቱ መፈጸሙ አንድ አይደለም።

ስለዚህ ልጃችሁ ወደዚያ አገር ልሂድ ብትላችሁ ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ስንት ሰዓት ነው የምትሠራው? ደመወዟ ስንት ነው? ፓስፖርቷ በማን እጅ ይሆናል? ጣት አስነክሮ ማስፈረም የሚቻለው ማንበብ የማይችለውን ሰው ነበር። እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ።

ታዲያ ጎተራውና ወፍጮውስ?

አሁን ወደ መንደራችን እንመለስ። ለአባት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። አሮጌ ዕቃ የድህነት ምልክት አይደለም። የእጅና የአእምሮ ሥራ ምልክት ነው። ጎተራው እህል የሚይዝ ከሆነ ለምን ይፈርሳል? ቆርቆሮውም ጎተራውም አብረው ይኑሩ። ዶሃ ሀብታም ስለሆነች የጣለችውን ገዝታ መለሰች። እኛ የጣልነውን የምንገዛበት ገንዘብ የለንም። ስለዚህ ቀድሞውኑ አለመጣል ይሻለናል።

ለእናት ጥያቄም መልስ አለን። በዶሃ ዛሬ «ባህል ነውና ተበደርና ጥለቅ» ተብሎ ድንጋይ በእግሩ የሚታሰርለት ልጅ የለም። የጠላቂውን ገመድና መቆንጠጫ አስቀመጡ፤ ዕዳውን ግን አላስቀመጡም። እኛም እንዲሁ እናድርግ። የሞተር ወፍጮ ይምጣ፤ የሴቶች ወገብ ይረፍ። ድንጋዩ ግን ገደል አይሂድ። ከቤቱ ጥግ ይቀመጥ። የልጅ ልጅ ሲጠይቅ ማን እንደፈጨበትና እንዴት እንደተፈጨበት ይነገረው።

ያለዕድሜ ጋብቻ፣ አራጣ፣ ሰውን በሙያው መናቅ፣ እነዚህም ከድሮ የመጡ ናቸው። ታሪካቸው ይጻፍ፤ እነሱ ግን አይመለሱ።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አንርሳ። የዶሃ ሰዎች ገበያቸውን መልሰው መሥራት የቻሉት የሚያስታውስ ሽማግሌ ስለተገኘ ነው። ሽማግሌው ሳይጠየቅ ቢሞት ኖሮ ገንዘብ ብቻውን ምንም አያደርግም ነበር። በእኛ መንደርም ሞፈርና ቀንበር ከየትኛው እንጨት እንደሚጠረብ፣ የትኛው ቅጠል ለየትኛው የከብት በሽታ እንደሚሆን፣ ድርቅ በየትኛው ዓመት እንደነበረ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ይህን ሁሉ በራሳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚሄዱት። ትናንት መጻፍ አንችልም ነበር። ዛሬ እንችላለን። ምክንያት የለንም።

ከዚያ ማታ በኋላ በነበረው ትምህርት እኚያው እናት ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ፊደሉ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ ቃሉ ግን ይነበባል። እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ድንጋይ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቼ ስድስት ልጆቼን ፈጭቼ አሳደግሁ። ልጄ አትፈጭም። ግን ትወቀው።»

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሉል ጠላቂው ከዕዳ መውጣት ያልቻለው ለምን ነበር?
2. ሱቅ ዋቂፍ ከተቃጠለ በኋላ እንዴት ተሠራ? እናንተ የጭቃ ምርጊት እንዴት ታቦካላችሁ? አሠራሩን በአራት መሥመር ጻፉ።
3. የባሪያ ነጋዴው ቤት ቤተ መዘክር መሆኑ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም? ምክንያታችሁን ተናገሩ።
4. ኳታር ነፃ የወጣችው በ1971 ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?
5. በቤታችሁ ካለ አሮጌ ዕቃ አንዱን ምረጡ። ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሚያገለግል ከሽማግሌ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።